ለአፌ የተጠራ ዋስ

በዚህ አገር ችግር የሌለበት ሰው የለም ይባላል። እኔም አምኜ ነበር። ማኅበራዊ ሥራ ማጥናት ስጀምር ከትምህርቱ ሁሉ የሚቀለው ችግር ያለበት ሰው ማግኘት ነው ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቻለሁ። ችግር ሞልቷል፤ ችግሩን ለዲግሪ የሚያውስ ሰው ግን የለም። ሰው በሬውን ያውሳል። ጋቢውን ያውሳል። አንዳንዱ ስልኩን ከነመክፈቻ ቁጥሩ ይሰጣል። ችግሩን ግን ቆልፎ ነው የሚይዘው። እስቲ እርስዎ ራስዎ፣ አንዲት ደብተር ያቀፈች ሴት በርዎን አንኳኩታ ችግርዎን ለአሥራ ሁለት ሳምንት ልያዘው ብትልዎ ምን ይሏታል?

እኔን ያሉኝን ልንገርዎ።

መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ ማወቅ አለብዎ፤ አለበለዚያ ያዝኑልኛል፣ ማዘን ደግሞ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። ፋርማሲ ጀምሬ ትቻለሁ፤ ሥነ ሕንፃ ጀምሬ ትቻለሁ። ወረታ ያመጣኝ አንድ ፕሮጀክት ነበር። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ እኔ ቀረሁ። ለምን ቀረሽ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ መልስ ባገኝ እኔም ደስ ይለኛል። ከቀረሁ አይቀር ብዬ ቅዳሜና እሑድ በሚኒባስ እየተመላለስኩ ማኅበራዊ ሥራ መማር ጀመርኩ። ይኸኛውን ብተው እናቴ አራተኛውን እንደማትሰማኝ ነግራኛለች። ስለዚህ ጨረስኩት። ሊያልቅ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመስክ ልምምድ።

የመስክ ልምምድ ማለት አንድ ባለጉዳይ ፈልጎ፣ ፈቃዱን በፊርማ አግኝቶ፣ በየሳምንቱ ቤቱ እየሄዱ ጉዳዩን መከታተል ነው። ሕጉ ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሆነው ግን የባለጉዳዩን ምስጢር መጠበቅ ነው። ምስጢሩን ጠብቀሽ ስታበቂ፣ ስሙን ቀይረሽ፣ አርባ ተማሪ ፊት ቆመሽ ታቀርቢዋለሽ። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚለው።

በኅዳር፣ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ችግር ፍለጋ ወጣሁ። ባልና ሚስት ተጣልተዋል ወደተባለበት ቤት ሄድኩ፤ ሽማግሌ ይዞታል አሉኝ። ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተካሰዋል ወደተባለበት ሄድኩ፤ እሱንም ሽማግሌ ይዞታል። እናትና ልጅ የተኳረፉበት ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንዱ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝና ማጨድ ትችይ እንደሆነ ጠየቁኝ። በፎገራ ሜዳ ያለ ጠብ ሁሉ ተይዟል፤ እንደ ሚኒባስ ወንበር።

አንዲት ሴት ብቻ ችግር አለኝ አሉ። ደብተሬን ዘረጋሁ። ችግራቸው ርብ ወንዝ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጓሯቸው ድረስ ይገባል። እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አነጋግሪልኝ አሉኝ። የመግባባት ክህሎት የሚባል ትምህርት ወስጃለሁ፤ ወንዝ ግን አልነበረበትም።

ያዘኑልኝ አከራዬ ናቸው፤ ጋሽ ሁሴን። ወረታ ላይ ገመድ፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮና የእህል ከረጢት ይሸጣሉ። እኔ ከሱቃቸው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ጋሽ ሁሴን ሰውን የሚያዩት ሚስማር በሚመዝኑበት ዓይን ነው፤ ትንሽ ይጨምራሉ፣ ትንሽ ይቀንሳሉ፣ ከዚያ ዝም። ጭቃ እስከ ጉልበቴ ይዤ ስመለስ አይተው፣ አያ ደሴ ዘንድ ሂጂ አሉኝ። አያ ደሴ ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ትልቁ ጎን ለጎናቸው ያርሳል፣ ትንሹ ሐሙሲት ነው። ከማንም አልተጣሉም፤ ስለዚህ ሽማግሌ አልያዛቸውም። ክፍት ናቸው ማለት ነው።

ብቸኝነት ያጠቃቸው አዛውንት። የትምህርት መጽሐፋችን ላይ ሙሉ ምዕራፍ አለው። በባጃጅ ሳይሆን በክንፍ ነው የሄድኩት።

አያ ደሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያዳምጡ አንድ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። የፈቃድ ቅጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሰሙኝ። ሲያበቃ፣ ይህ እንግዲህ ምስጢሬን እንዳታወጪ ነው? አሉ። አዎ አልኩ። የምታወጪ ከሆነ የምታወጪው አንቺ ነሽ? አዎ። ታዲያ ፈርም የምትይኝ እኔን ነው?

እውነቴን ነው የምልዎ፣ አራት ዓመት ስማር ይህን የጠየቀ መምህር አልነበረም።

ፊርማ የመሬት ቢሮ ነው አሉኝ ቀጥለው። እኔና አንቺ ሰው ነን። ዋስ ጥሪ።

ዋስ እዚያ አካባቢ ምን እንደሆነ የማያውቅ ከተሜ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቃል ብቻውን አይሄድም። ላም ሲሸጥ፣ የተጣላ ሲታረቅ፣ ሰው ሁለተኛ አልሰድብህም ሲል፣ አጠገቡ ሌላ ሰው ይቆማል። ቃሉ ከታጠፈ ያ የቆመው ሰው ይገባበታል። የታጠፈውን ማቃናት የእሱ ዕዳ ነው፤ አላይም አልሰማም የለም። ቢያምኑትም ባያምኑትም ሥርዓቱ ከኛ ቅጽ ይሻላል። ቅጽ ይጠፋል። ዋስ ግን የት ይሄዳል? ቤቱ እዚያው ነው።

ለአማካሪ መምህሬ ደወልኩ። ድንበር የሚለውን ቃል የሚወድ ሰው ነው፤ ሰላም ሲልዎ እንኳ ከድንበሩ ማዶ ቆሞ ነው። በፍጹም አለኝ። ምስጢር በሁለት ሰው መካከል ነው፤ ሦስተኛ ሰው ካለ ምስጢር አይባልም። ይህን ለአያ ደሴ አደረስኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛ ሰው ከሌለማ ውሸት ነው አሉ፤ ወደ ሩዛቸው ተመለሱ።

ዲግሪዬ በነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ቆመ። አንዱ ዋስ ካለ አልቀበልም ይላል፣ አንዱ ዋስ ከሌለ አልናገርም። ሦስት ቀን አሰብኩ። ሌላ ባለጉዳይ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ወንዙ ብቻ ነው የቀረኝ። በአራተኛው ቀን ጋሽ ሁሴንን ዋስ ሁኑኝ አልኳቸው።

በገበያ ቀን፣ ሱቃቸው ውስጥ፣ ቆርቆሮ ላይ ተቀመጥን። አያ ደሴ ከመጡ በኋላ ጋሽ ሁሴን መጀመሪያ ምስጢሩን መስማት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። እኔ የምዋሰው አፏን ነው እንጂ የአንተን ጉዳይ አይደለም አሏቸው። ከዚያ አፌን አዩት። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ሚስማር ሲመዝኑ እንደዚያ ቆይተው አያውቁም። ታወራለች አሉ መጨረሻ ላይ፤ ስትበላም ታወራለች። ግን ክፋት የለባትም። እዋሳታለሁ።

ዋስ ያለ እማኝ ዋዛ ነው ተባለና ሚስማር ሊገዙ የገቡ አንድ ቄስና በረንዳው ላይ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ተጠሩ። በእነሱ ፊት ጋሽ ሁሴን ቃላቸውን ሰጡ። የዚህ ሰው ነገር ከዚች ልጅ አፍ ከወጣ፣ የሚበላሸው ሁሉ የእኔ ነው፤ ራሴ ገብቼ ዳር ሳላደርሰው አልመለስም። አያ ደሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው መሰለኝ። ቄሱ ብቻ ቅር አላቸው፤ አንድ ምስጢር መኖሩን ሰምቶ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሚስማር ይዞ ወደ ቤት መሄድ ለማን ይጥማል?

እኔ ደግሞ ቅጹ ላይ ፊርማ በሚለው ቦታ፣ ዋስ፦ ጋሽ ሁሴን፣ የቆርቆሮ ነጋዴ፣ ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ አጠገቡ በቀይ የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ግን አልሰረዘውም። ተማሪ ሆነው የሚያውቁ ከሆነ ይህ ማለፍ ማለት ነው።

ምስጢሩን አሁን ልነግርዎ እችላለሁ፤ ያወቀው አውቆታል። አያ ደሴ ማግባት አምሯቸዋል። ሴትየዋ ይፋግ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የራሳቸው ሽንኩርት ጓሯቸው እያለ፣ ይፋግ ድረስ ሄደው ሽንኩርት ሲገዙ ኖረዋል። ቤታቸው ጥግ ላይ ክምሩን አሳዩኝ። አብቅሏል። ለልጆቻቸው ግን አልተናገሩም። በእናታችን ቦታ ሌላ ሴት አስቀመጠ ይሉኛል፤ የመሬቱ ደብተር ላይ ሌላ ፎቶ ሊለጠፍ ነው ይሉኛል፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይስቃሉ አሉኝ። ልጆቼ መርቀውኝ ከሆነ አገባለሁ፤ ተጣልቼ ግን ቤቴ አላስገባትም። ይህን ሲሉ ሁለቱም ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር።

እዚህ ላይ መቀለድ እችል ነበር። አልቀለድኩም። ሰውየው የሚፈልጉት እራት ላይ አንድ ሰው ፊት ለፊታቸው እንዲቀመጥ ነው፤ ያ እንዲሆን ደግሞ የሁለት ልጆች እሺታ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ይኼው ነበር።

በየሳምንቱ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ ለማንም አልተናገርሽም? አልተናገርኩም እላለሁ፣ በኩራት። ፊታቸው ይጠቁራል። ደብተሬ ላይ፣ ባለጉዳዩ እምነት ለመጣል ይቸገራሉ፣ ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ለእናትሽም አልተናገርሽም? ለእናቴም። ከንፈራቸውን መጠጡ። የድባቴ ምልክት ይታይባቸዋል፣ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ሐሙሲት የሚባል አገር ሄደሽ ታውቂያለሽ? አሉኝ። በሚኒባስ አልፌበታለሁ አልኩ። ማለፍ ብቻ? አሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ ጓደኛ የለሽም ወይ ልጄ ብለው ጠየቁኝ፣ ከልባቸው አዝነው። ባለጉዳዩ ስለ ባለሙያዋ ማኅበራዊ ሕይወት ይጨነቃሉ። ይህንንም ጻፍኩ። ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ፣ በጥር በየመንደሩ ሠርግ ሆነ፣ አያ ደሴ ከሳምንት ሳምንት እየተከዙ ሄዱ። ለልጆችዎ ብንነግራቸውስ ብዬ ስጀምር በእጃቸው ያስቆሙኛል። እኔ አልናገርም፣ አንቺም ቃል አለብሽ ይላሉ፤ ከዚያም በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

እኔ ግን ዝም። ምን ያህል ዝም እንደነበርኩ ሊገባዎ አይችልም። ከተማው በሙሉ አንድ ምስጢር እንዳለ ያውቃል። ቄሱ ባዩኝ ቁጥር ሰላምታቸውን ያረዝማሉ። ልብስ ሰፊው ቀሚሴን በነፃ ላጥብብልሽ ብሎኛል። በሕይወቴ ሳልጨርስ የቀረሁት ብዙ ነው፤ ይህን ዝምታ ግን ልጨርሰው ነው ብዬ ነበር።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጉዳዬን አርባ ተማሪ ፊት አቀረብኩ። አያ ደሴን አቶ ሀ. አልኳቸው። ቀበሌውን በወንዝ አቅራቢያ የሚገኝ አንድ ሥፍራ አልኩት። ሚስታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የይፋጓን ሴት፣ ሁሉንም ስም አልባ አደረግሁ። መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ያን ጊዜ ነው ክፉ መንፈስ ጸሐፊ ያደረገኝ። ደረቅ ሆነብኝ፤ ሕይወት ልጨምርበት ብዬ የማያስፈልግ ነገር ጨመርኩ። አቶ ሀ. የሚያነክስ ቀይ በሬ አላቸው፤ ሬዲዮናቸውን በከረጢት አልብሰው ግራር ላይ ይሰቅላሉ፤ በሬው ዜና ካልሰማ አያርስም ብለው ያምናሉ። ክፍሉ ሳቀ። ደስ አለኝ።

ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ሐሙሲት የምታስተምር፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ በር አጠገብ የምትቀመጥ ሴት ናት። ጥያቄ ነበራት። በሬው የሚያነክሰው በግራ እግሩ ነው በቀኝ? በግራ አልኩ፣ ለዝርዝር ፍቅሯ እያደነቅሁ። እንግዲያው አማቴ ናቸው አለች። ስልኳን ይዛ ወጣች።

ሚኒባሳችን ወረታ ሲገባ ወሬው ከኛ ቀድሞ ገብቷል። ጋሽ ሁሴን ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ትልቁ ልጅ እየጮኸ መጥቶ ሄዷል። ትንሹ ከሐሙሲት ተነሥቷል። አልተቆጡኝም። አፌን አንድ ጊዜ ብቻ አዩት፤ እንደተሳሳተ ሚዛን። ከዚያ በገበያ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሱቃቸውን ዘጉ። ቄሱንና ልብስ ሰፊውን ጠሩ፤ እማኝ የሆነ ሰው አብሮ መሄድ አለበት። ቄሱ ጉዳዩን በመጨረሻ ሲሰሙ፣ ይኼ ብቻ ነው? አሉ።

ሦስት ጊዜ ሄዱ። በመጀመሪያው ልጆቹ አንነጋገርም አሉ። በሁለተኛው ስለ መሬቱ ብቻ ተነጋገሩ። ጋሽ ሁሴን ከዚያ ሲመለሱ እራት አልበሉም፤ ቃሌ ነው የተሰበረው፣ እስኪጠገን ሱቅ አልከፍትም አሉ። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ የተዘጋውን በር ሳይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዲግሪዬ ሳላስብ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ የወረታ ሰው ሚስማር አጥቶ አጥር ማጠር ባቆመበት ቀን፣ ጋሽ ሁሴን ለልጆቹ እንዲህ አሏቸው፤ እኔ የመጣሁት አባታችሁ ልኮኝ አይደለም፣ አያውቅም፤ የመጣሁት የእኔ ዋስትና ስለፈረሰ ነው፤ እምቢ ካላችሁ የምታዋርዱት እኔን ነው። አባት ማዋረድ ይቻላል፤ ልጆች ሁልጊዜ ያደርጉታል። ለሃያ ዓመት ገመድና ከረጢት በዱቤ የሰጠ ሰው ማዋረድ ግን ከባድ ነው። መሬቱ እንዳለ ይቆያል ተባለ፣ እናታቸው በስሟ ትዘከራለች ተባለ፣ ልጆቹ ተነሥተው እሺ አሉ። ምራትየዋ አልቅሳለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ትንሹ ልጅ ደግሞ አባዬ ለካ ለዚያ ነው ሽንኩርት ሲያሸክመን የኖረው ብሎ ሳቀ፤ የፈሩት ሳቅ ይኼው ነበር።

እኔ ግን ወደቅሁ። አማካሪዬ ነገሩን ሰምቶ ውሳኔውን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፈ፤ ምስጢር መጠበቅ የማይችል ሰው ይህን ሙያ ሊይዝ አይችልም፣ የመስክ ልምምዱን ይድገም። ልክ ነው። አልተከራከርኩም።

የቀረኝ ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ይቅርታ በአገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚጠየቅ ሰምቻለሁ፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ግን፣ ጥቁር አፈር ብቻ ስለሆነ፣ ለይቅርታ የሚበቃ ድንጋይ አይገኝም። ጋሽ ሁሴን ሱቃቸውን ሲከፍቱ ከጓሮ ግማሽ ብሎኬት ሰጡኝ። ባጃጅ ነጂው ምንም አልጠየቀኝም።

አያ ደሴ ሽንኩርት እያጠጡ ነበር። ብሎኬቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ምንድነው እሱ? አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው አልኳቸው፤ ምስጢርዎን ስላወጣሁ። ወዲያ አስቀምጪው፣ የፓምፑ ጎማ የሚረግጠው አጥቶ ነበር አሉ። አስቀመጥኩት። ጎማው ላይ ገፋ አድርገው አስተካከሉትና አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ምራቴ የምትማርበት ቦታ የምትማሪ መሆንሽን ሁሴን ባይነግረኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ ደጄን አትረግጪም ነበር አሉኝ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ልጆቼ ፊት ቆሜ ሚስት አማረኝ ልበል? ሽማግሌስ በምን አፌ ልላክ? ነገሩ ከሌላ ሰው አፍ መውጣት ነበረበት፤ ያም ሰው ሲያወጣው የሚገባበት ዋስ ያስፈልገው ነበር። የከተማ ልጅ ናት፣ ሳምንት አትቆይም ብዬ ለይፋጓ ሴት ሠርጋችን በጥር ነው ብያት ነበር። አንቺ ግን ኅዳርን ዝም፣ ታኅሣሥን ዝም፣ ጥርን ዝም ብለሽ ከርመሽ ሁዳዴ ሲገባ ተናገርሽ። አሁን በጾም አይሞሸርም። ሁለት ወር ሙሉ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ልጠብቅ ነው።

አያ ደሴ ጎንበስ ብለው ውኃውን ወደሚቀጥለው መደብ ቀለበሱት፤ ቀና ሲሉ ቁጣቸው በርዷል፣ ኀዘኔታ ብቻ ነው የቀረው። ምስጢር መጠበቅ ያስተማሩሽን ሰዎች ሄደሽ ንገሪያቸው አሉኝ፤ አበላሽተውሻል።